ከባሕር የማይታይ ግድግዳ

እንቅልፍ ዛሬም እንቢ ብሎታል። መጋረጃውን ግጥም አድርጎ ዘግቷል፣ በላዩ ብርድ ልብስ ደርቦ በምስማር ሰቅሏል፣ ጆሮውን በጥጥ ደፍኗል፣ ቀን የሚተኛ ሰው ማድረግ ያለበትን ሁሉ አድርጎ በጀርባው ተጋድሟል፤ ፀሐይ ግን ቀዳዳ አታጣም፣ ላይኛው ፎቅ ያለችው ሴትዮም ወንበር መጎተት አትሰለችም፣ ከታች ደግሞ ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ጢጥ ጢጥ ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ የቀለም ጣሳ ሲከድን ያደረ ሰው ዓይኑን ሲጨፍን የሚያየው ያው ጣሳ ነው፤ ክዳኑን የሚጠብቅ ጣሳ፣ ከኋላው ሌላ ጣሳ፣ ከዚያ ኋላ ሌላ። ዛሬ ግን የሚታየው ጣሳ አይደለም። አባቱ ነው፤ ጣሪያ ላይ ቆሞ፣ አንሶላ በሁለት እጁ ይዞ፣ ነፋስ እየገፋው። ሽማግሌ ሰው፣ ጣሪያ፣ አንሶላ፤ ምን አገናኛቸው? እስኪ ተገላበጥ፣ ይላል ለራሱ፣ በግራ ጎንህ ሞክር። በግራ ጎኑ ይሞክራል። በግራም አባቱ አለ።

እህቱ የደወለችው ጠዋት፣ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ነው። በዚህ ሰዓት ደውላ አታውቅም።

«ምንም አትደንግጥ» አለችው ገና ሰላም ሳትለው። እንዲህ ተብሎ ያልደነገጠ ሰው እስካሁን አልተወለደም።

«ማነው የሞተው?»

«ኧረ ሟርትህን ተው! ማንም አልሞተም። አባዬ ትናንት ከጣሪያ ወድቆ ዳሌው ተጎድቶ ነው። ወጌሻው አይቶታል፣ ይድናል፤ ግን ከአልጋ እንዳትነሳ ብሎታል። ላንተ እንዳልነግር አስምሎኝ ነበር፣ እኔ ግን አልቻልኩም።»

«ጣሪያ ላይ ምን ሊያደርግ ወጣ?»

ከበስተኋላዋ ነፋስ ይሰማል። «አንሶላ ሊያሰጣ» አለች በመጨረሻ።

«አባዬ? አንሶላ?» በሕይወቱ የጠጣበትን ብርጭቆ እንኳ አንስቶ የማያውቅ ሰው!

«በቃ ሊያሰጣ ነው አልኩህ እኮ! አሁን እማዬ ነች የምትይዘው፣ ልሂድ ላግዛት» ብላ ዘጋችበት።

የተሰጣ አንሶላ ምን የሚያዝ ነገር አለው? ይህን ሊጠይቃት መልሶ ቢደውል አላነሳችም። መጀመሪያ ያሰበው መሄድ ነበር፤ ዛሬውኑ ፈቃድ ጠይቆ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ አባቱ አልጋ አጠገብ ቁጭ ማለት። ወደ ፋብሪካው ደወለ። ፋብሪካው ውስጥ ስልክ የሚያነሳ ሰው ከቀረ ቆይቷል፤ የምትመልሰው ጨዋ ድምፅ ያላት ማሽን ነች፤ በራስዎ ሕመም ምክንያት ከሆነ አንድን ይጫኑ፣ በቅርብ ቤተሰብ ሞት ምክንያት ከሆነ ሁለትን ይጫኑ፣ ለሌላ ምክንያት ሦስትን ይጫኑ አለችው። እሱ አልታመመም፤ አባቱም አልሞተም። ጣቱን ወደ ሁለት ዘረጋና ደነገጠ፣ በገዛ ጣቱ አባቱን ሊገድል ነበር እኮ። ሦስትን ተጫነ። ሙዚቃ ከፈቱለት። ጫማውን አወለቀ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ዳቦ ቆርሶ በላ፣ ሙዚቃው አላለቀም፤ ዘጋው። ቢያነሱለትስ ምን ሊል ነበር? ለመሄድ ከሆነ አምናም መሄድ ይችል ነበር። ወረቀቴ አላለቀም እያለ እናቱን ያስለቀሰባቸው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እውነት ነበሩ፣ ወረቀቱ ካለቀ በኋላ የመጡት ግን እውነት አልነበሩም። ፈርቶ ነው። በገዛ ሰፈሩ ተቀመጥ፣ ብላ፣ ጠጣ፣ እባክህ አታፍርብን የሚባል እንግዳ እንዳይሆን ፈርቶ ነው። እዚህ እንግዳ መሆን ደንብ ነው፣ ማንም ደንታ አይሰጠውም፤ እዚያ እንግዳ መሆን ግን ያማል። ስለዚህ በራሱ ፈንታ ቀለም ላከ።

ቀለሙ የመጣው ጎናቸው ከገባ ጣሳዎች ነው። ፋብሪካው እንዲህ ያለውን ጣሳ ለሱቅ አይሰጥም፣ ለሠራተኛ በርካሽ ይለቀዋል፤ አንድ ሰሞን ታዲያ ሰማያዊ የጫነ መደርደሪያ ተደርምሶ ሠራተኛው ሁሉ ሰማያዊ በሰማያዊ ሆነ። ፎርማኑ፣ ባሕርን በፖስትካርድ ብቻ የሚያውቅ ደግ ሰው፣ «ያንተ ቤተሰቦች ባሕር ጠረፍ አይደለም እንዴ የሚኖሩት? የባሕር ጠረፍ ቤት ሰማያዊ ካልሆነ ምኑ ያምራል!» አለው፤ እሱም እውነት መሰለው። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ፣ እውነት መሰለው! ጣሳዎቹን በጨርቅ ጠቀለለ፣ ዕቃ በመርከብ ለሚልክ ነጋዴ አደራ ሰጠ፣ ወደ ባሕሩ የሚያየውን ግድግዳ፣ ያንን አሮጌ ኖራ ሸፍናችሁ በዚህ ቀቡልኝ ብሎ ላከ። ፎቶው ሲደርሰው አለቀሰ። ለፎርማኑ አሳየ፣ ለጥበቃው አሳየ፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ ለተቀመጠች ለማያውቃት ሴት አሳየ፤ ሴትዮዋ ደንግጣ ቦታ ቀየረች። ከዚያ ወዲህ ቤት በደወለ ቁጥር ስለ ጤናቸው ከመጠየቁ በፊት «ግድግዳውስ?» ይላል፤ አባቱም «ያምራል ልጄ፣ ሰው ሁሉ ያደንቃል» ይለዋል። ሰው ሁሉ ማን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም።

ይገላበጣል። ከላይ ወንበር ይጎተታል። አሁን ጀልባ ውስጥ ነው፤ ልጅ ነው፤ ሆዱ ተገለባብጦበታል፤ አባቱ መሪውን በብብቱ ሥር ይዞ «እግርህን አትይ፣ ውኃውን አትይ፣ ቤትህን እይ» ይለዋል። ከሰፈሩ ፊት ለፊት፣ ከውኃ በታች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጋደመ አለት አለ፤ በአለቱ መሃል ደግሞ አንዲት ጀልባ ብቻ የሚያሳልፍ በር አለ፤ በሩ አይታይም። የሚታየው ቤታቸው ነው። ከሰፈሩ ሁሉ ነጭ እሱ ብቻ ነው። ከቤቱ ኋላ ኮረብታ አለ፣ ኮረብታው ጫፉ ላይ ስንጥቅ አለው፤ ነጩን ግድግዳ ልክ ከስንጥቁ ሥር ካደረግኸው በሩ ከፊትህ ነው፣ ቀጥ ብለህ ግባ፤ ግድግዳው ከስንጥቁ ሥር ካመለጠህ አለቱ ይጠብቅሃል። ይህን የሚያውቀው ደግሞ የሰፈሩ ሰው ብቻ አይደለም። በማዶ ደሴቶች ያሉት፣ ጣውላን ያለ ምስማር በገመድ እየሰፉ ጀልባ የሚሠሩት ሰዎች፣ ዓሣ ጭነው ሲመጡ የሚፈልጉት ያንኑ ግድግዳ ነው፤ በቋንቋቸው ሙሽራዋ ይሉታል። ከኋላ ካለው የጨው ሜዳ ጨው በግመል አውርደው በጀልባ የሚሻገሩት ደግሞ ጥርሱ ይሉታል፤ ሰፈራችሁ አንድ ጥርስ የቀረው ሽማግሌ ነው እያሉ ይስቃሉ። የሰፈሩ ሰው ስም አላወጣለትም፤ ቤቱ ይለዋል፣ አለቀ። ዝናብ ሲያባራ ደሴተኞቹ ዛጎልና ኮራል የሚባለውን የሞተ የባሕር ድንጋይ ያመጣሉ፣ የጨው ሜዳ ሰዎች ማገዶ ያመጣሉ፣ የሰፈሩ ሰው አቃጥሎ ኖራ ያወጣል፤ ከዚያ ሦስት ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ አንድ ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል፣ አንዱ ባንዱ ላይ ኖራ ይረጫል፣ አባቱ በዚያ ቀን ከማንም ጋር አይጣላም። እሱ ግን ያኔም አይወደውም፤ ኖራው እጁን ይበላዋል፣ ጀልባው ያስመልሰዋል፤ የሚነገረውን ሁሉ አዎ አዎ እያለ ሰምቶ ረሳ። ሰው የማይወደውን ነገር እንዴት ቶሎ ይረሳል!

ተነስቶ ተቀመጠ። ጥጡን ከጆሮው አወጣ። ስልኩን ከትራሱ ሥር ጎትቶ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ያያል፤ እናቱ በግድግዳው ፊት ቆማ፣ የእህቱ ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው፣ ሁሉም ከቅርብ የተነሱ፤ ከባሕር በኩል የተነሳ አንድም የለም። በቅርብ በመጡት ላይ ከጣሪያው ጠርዝ ሁለት እንጨቶች ቆመዋል። አንቴና መስሎት ነበር፤ እንዲያውም አባዬ ዘመናዊ ሆነ ብሎ ስቆ ነበር። ከኋላ ኮረብታው ይታያል። ኮረብታው አመሻሽ ላይ መልኩ ምንድን ነው? ኧረ ተው። ሰማያዊ ነው። ባሕሩ ሰማያዊ፣ ጭጋጉ ሰማያዊ፣ ኮረብታው ሰማያዊ፤ እኔ ደግሞ ያለችውን አንዲት ነጭ ነገር ሰማያዊ ቀባኋት። እኔ! የቀለም ፋብሪካ ሠራተኛ! «አፈር በበላሁ!» አለ ጮክ ብሎ፤ ላይኛው ፎቅ ያለችው ሴትዮ ወንበሯን መጎተት አቆመች።

መልሶ ደወለ፤ እህቱ አሁን አነሳች።

«አንሶላው ለጀልባዎቹ ነው» አላት።

አልካደችም። አለቀሰች፤ አልቅሳ ስትጨርስ ተቆጣች። «አዎ ለጀልባዎቹ ነው! ምን ልንልህ ነበር? ቀለሙ በተቀባ ሰሞን የደሴቶቹ ሰዎች ጀልባ አለቱ ላይ ወጥቶ ሆዱ ተቀደደ፤ ሰዎቹ በዋና ወጡ። የዚያኑ ዕለት አባዬ ጋ መጥተው ምን እንዳሉት ታውቃለህ? ግድግዳው አምሯል አሉት። ከልብሳቸው ውኃ እየተንጠባጠበ ግድግዳው አምሯል አሉት!»

ምን ይባላል? የሰው ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ሊሰምጥ የነበረ ሰው ስጦታ አይነቅፍም።

«ከዚያ ወዲህ» አለች እህቱ «አባዬ በየቀኑ እየወጣ አንሶላ ይዘረጋል። ነፋስ ሲበረታ እንጨቶቹ አይችሉም፣ በእጁ ይይዘዋል።»

«መልሳችሁ ነጭ አትቀቡትም ነበር?»

«ማን ደፍሮ? ዓይናማው ለመነው፣ የጨው ሜዳ ሽማግሌዎች ለመኑት። የልጄን እጅ ማንም አያጠፋም አለ። ሲመጣ በዓይኑ አይቶ ራሱ ነጭ ያደርገዋል፣ እስከዚያ እኔ አለሁ አላቸው። አሁን የለማ እንግዲህ! ተኝቷል። ባሌ ከዓይናማው ጋር ባሕር ላይ ነው፤ የዓይናማውን ዓይን ደግሞ አንተም ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። ዓይናማው የአባቱ የልብ ጓደኛ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ለቀልድ ነው እንጂ ከእኩዮቹ ሁሉ ቀድሞ ዓይኑ የደከመው እሱ ነው፤ እንኳን ስንጥቅ፣ ኮረብታውም የሚታየው በግምት ነው። መሪውን ግን ለማንም አይለቅም።

«ነፋሱ እየበረታ ነው» አለች እህቱ። «እማዬን ከነአንሶላው ሊወስዳት ነው። ዛሬ ብንይዘው ነገስ? ከነገ ወዲያስ? ገንዘብ አልጠየቅሁህም፣ ና አላልኩህም፤ አንድ ቃል ንገረው። አንተ ካልከው ብቻ ነው እሺ የሚለው።»

«አገናኚኝ።»

ስልኩ ይሄዳል። የእህቱ ነጠላ ጫማ ይሰማዋል፣ በር ይሰማዋል፣ ከዚያ የአባቱ ሳል።

«ልጄ! ምነው አልተኛህም? ሌሊቱን ሥራ አድረህ!»

«አባዬ፣ ወደቅህ አሉኝ።»

«ማነው ያለህ? ተንሸራተትኩ እንጂ አልወደቅሁም። መውደቅ ሌላ ነው።»

«ግድግዳውን ነጭ ቀቡት።»

«የቱን ግድግዳ? እሱማ ያምራል፣ ሰው ሁሉ...»

«አባዬ፣ አውቄያለሁ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ረሳሁት፣ ባሕሩን ረሳሁት። ጀልባው ሳይመለስ፣ አሁኑኑ ቀቡት።»

አባቱ ሲተነፍስ ይሰማል። ቢቆጣው ደስ ይለው ነበር፤ በልጅነቱ ጀልባ ውስጥ እንደሚጮህበት ቢጮህበት፣ አንተ ደንቆሮ ቢለው። አባቱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ እንደሚፈራ ሰው፣ «እሱን ካጠፋን» አለ «እዚህ ቤት ያንተ ምን ይቀራል?»

ያስባል። አልጋው ላይ የእህቱ ልጆች ይተኛሉ። ልብሱ አልቆ የጀልባ መወልወያ ሆኗል። መረቡን የሄደ ዕለት ለዓይናማው ሰጥቶታል። ድምፁ አለ፣ እሱም በስልክ ነው። ሌላስ? ለወሬ ያህል እንኳ አንድ ነገር ፈልጎ አጣ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ለቤቴ ነው የምለፋው ሲል ኖሮ፣ ከቤቱ ውስጥ ራሱን ፈልጎ አጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያያል። «ምንም አይቅር አባዬ» አለ፤ ሊል የፈለገው ይህን አልነበረም። «ጀልባዎቹ ይግቡ እንጂ።»

«አንተ ካልክ እንግዲህ» አለ አባቱ። ከዚያ ከስልኩ ዞር ብሎ፣ ባሕር ላይ በሚጮህበት ድምፅ ጮኸ፦ «ቀቡት ብሏል! ልጁ ቀቡት ብሏል!»

ቤቱ ሰው ሞልቶት ኖሯል። አባቱን ሊጠይቁ መጥተው በየደጁ ዝም ብለው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ ቃሉ በሦስት ቋንቋ ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ ሰማው፣ ከዚያ መሰላል ሲጎተት፣ ባልዲ ከባልዲ ሲጋጭ። እናቱ «ውረጂ አትበሉኝ፣ ጀልባዋ ሳትገባ አልወርድም!» ትላለች ከላይ። አንዱ «ኖራው የታል?» ይላል፤ ሌላው «ከተነከረ ቆየ እኮ፣ ከማድቤቱ ጀርባ ጉድጓዱ ውስጥ ነው» ይለዋል። ከተነከረ ቆየ። እየጠበቁ ነበር ማለት ነው። ድንጋዩን አቃጥለው፣ ኖራውን ነክረው፣ ጉድጓዱን ከድነው፣ ከእሱ አንድ ቃል እየጠበቁ ነበር፤ እሱ ደግሞ በደወለ ቁጥር ግድግዳውስ እያለ ምስጋና ሲለቅም ኖሯል። ትራሱን አፉ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ሲያለቅስ አባቱ እንዳይሰማው ነው፤ አባቱ ግን ሰምቷል መሰለኝ፣ ወሬ አበዛ።

«ከላይ ጀመሩ። አይ ቀለምህ! ጎበዝ ነው፣ ኖራውን ይተፋዋል።»

«እንዲያው አይዝላችሁም አባዬ። መጀመሪያ በአሸዋ ይፈግፉት፣ እስኪሻክር ድረስ። ኖራው ላይ ደግሞ ጨው ጨምሩበት፣ ጨው ያስይዘዋል።»

«በአሸዋ ፈግፉ ብሏል! ጨው ጨምሩ ብሏል!» አለ አባቱ፤ የጨው ሜዳ ሰዎች ሲስቁ ይሰማል። ጨው ጠፍቶ ነው! ብዙም ሳይቆይ አሸዋ በግድግዳ ላይ መፋተግ ጀመረ፤ እሱ በተጋደመበት፣ ብርድ ልብስ በሸፈነው መስኮት ሥር፣ የላከው ሰማያዊ ሲፋቅ በጆሮው ይሰማ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ቀለም እንዴት እንደሚለቅ ስንቴ አይቷል፤ እንዲህ ሲሰማ ግን የመጀመሪያው ነው። ይፋቅላቸው፣ ይለቅላቸው፣ ይላል በልቡ፤ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ፣ ቀስ ቢሉስ ምናለበት ይላል። አባቱ ከአልጋው ሆኖ በተከፈተው በር የሚያየውን፣ ከውጭ የሚጮሁለትንም ይነግረዋል፤ አሁን መስኮቱ ጋ ደረሱ፣ አሁን ሁለተኛ ደረቡበት፣ ነፋሱ እያደረቀው ነው፣ እርጥብ ሳለ ምንም አይመስልም ነበር አሁን ነጣ። የሚናገርበት ድምፅ የደስታ ነው። ሊደብቀው ይሞክራል፣ ግን የደስታ ነው። እሱም ይህን ይሰማል፤ ይህን ሁሉ ጊዜ የአባቱ ድምፅ በስልክ ውስጥ ደክሞ የሚመጣው ከእርጅና መስሎት ነበር።

«ከበሩ በላይ ትንሽ ቀርታለች» አለ አባቱ። «ከባሕር አትታይም፣ ማንንም አትጎዳም። እሷን ይተዉልህ?»

«አይተዉ።»

«አይተዉ ብሏል» አለ አባቱ፤ አሁን አልጮኸም።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። እዚያ ቤት ማንም አይናገርም፣ እዚህም የብርድ ልብሱ ጠርዝ ቢጫ ሆኗል፤ ሊተኛበት የሚገባው ቀን አልቆ ሥራ ሊገባ ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ሸሚዙን ይፈልጋል። የእህቱን ትንፋሽ እንኳ የሚሰማ ይመስለዋል። ድንገት ከሩቅ ሰው ጮኸ።

«ሸራ ታየ» አለ አባቱ። ሊነሳ ሲሞክር አልጋው ጮኸ፤ «ተኛ!» አለው አንዱ። «ዓይናማው ነው። ምን ሆኗል ይሄ ሰው፣ ለምን ያመነታል? ወደ አለቱ አዘነበለ... አይ፣ አይ... አየው። አየው ልጄ! ቀና አለ። ከስንጥቁ ሥር አደረገው። ገባ! ገባ!»

የእህቱ እልልታ ስልኩን ሞላው። እሱም ብቻውን፣ በአንድ እጁ ሸሚዝ ይዞ፣ ክፍሉ መሃል ቆሞ ሳቀ። ከእልልታው ኋላ፣ ከዳርቻው በኩል፣ አንድ የጎረነነ የሽማግሌ ድምፅ ወደ ቤቱ ይጣራል፤ ቃሉ ግን አይለይም።

«ዓይናማው ነው አይደል? ምን ይላል?»

በስልኩ ውስጥ የአባቱ አልጋ ጮኸ።

«አባዬ፣ ምን አለ?»

«ነጩን አይቶ ነው» አለ አባቱ። «ልጁ መጣ እንዴ? ይላል።»

ግድግዳው ሥር ከቆመው ሕዝብ መሃል ለዓይናማው የመለሰለት አልነበረም። ሽማግሌው ደግሞ ተጣራ። በመጨረሻ አባቱ ስልኩን ከጆሮው ሳያርቅ፣ ወደ ባሕሩ በኩል፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲመልስ ሰማው፦

«አልመጣም! ደውሎ ነው!»